ሰዓቴ በግማሽ ተቀነሰ፤ ሥራው ግን ያው ነው

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆቹ ተኝተውልኝ ነው የምጽፈው። ከረዘመ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለተኛዋን ልጄን ወልጄ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ሙሉ ቀን መመለስ አቃተኝ። ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ ገብቷል። ትንሿ አስራ አንድ ወሯ ነው። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው ከአዲስ አበባ ውጭ ስለሆነ ቤት የሚገባው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በላይ ላቆያት ሕሊናዬ አይፈቅድም።

ስለዚህ አለቃዬን ለምኜ ግማሽ ቀን ሆንኩ። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰኞ እስከ አርብ። በሳምንት 20 ሰዓት ማለት ነው። ደሞዜም በግማሽ ወረደ። አውቄ የፈረምኩት ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ችግሬ ሥራው ነው። ፔሮል (የደሞዝ ዝርዝር)፣ የባንክ ሪኮንሲሌሽን (መዝገባችንን ከባንኩ ጋር ማስታረቅ)፣ የአቅራቢዎች ክፍያ፣ የግብር ዲክላሬሽን (ግብር ማሳወቅ)፣ ፔቲ ካሽ (ለትንንሽ ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ)፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው። ድሮም እኔ ላይ ነበር፤ አሁንም እኔ ላይ ነው። አንዲት ነገር እንኳ ለሌላ ሰው አልተሰጠችም። የስምንት ሰዓቱን ሥራ በአራት ሰዓት ልጨርስ እሮጣለሁ። ሻይ አልወጣም። ሽንት ቤት ሳልሄድ የምውልበት ቀን አለ። 6:30 ላይ ቦርሳዬን ሳነሳ ደግሞ ሰዉ በዓይኑ ይሸኘኛል። ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ እያለሁ ስልኩ ይጀምራል።

ያለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ትንሿን እያጠባሁ በአንድ እጄ ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ክፍል የደረሰኝ ቁጥር እፈልግ ነበር። ከዚያ ስልኩን ሶፋው ላይ ትቼ ልጅቷን ላስተኛ ገባሁ። ስመለስ ስልኩ የለም። ትልቁ በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎት፣ ደረቱ ላይ ለጥፎት፣ እሹሩሩ ይላል። «እማዬ ቀስ በይ፣ ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሺው» አለኝ። ነጠላው ውስጥ ስልኩ ይነዝራል። እሱ መታ መታ ያደርገዋል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምን ትመክሩኛላችሁ? ወደ ሙሉ ቀን ልመለስ? ሥራውን ልተው? ወይስ በመሃል የሚያስኬድ መንገድ አለ?

እናት በስቶክሆልም | ማክሰኞ፣ ማታ 5:02

እህቴ፣ አይዞሽ። የልጅሽን ነገር አንብቤ እኔም እንባዬ መጣ።

እኔ ያለሁት ስዊድን ነው። እዚህ ልጅ ያለው ወላጅ ልጁ 8 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሥራ ሰዓቱን እስከ ሩብ የመቀነስ መብት አለው። ስለዚህ በሳምንት 40 የነበረውን ወደ 30 አወረድኩት። አለቃዬን መለመን አላስፈለገኝም። ልጅ ሲታመምም «ቫብ» የሚባል አለ፤ ቤት ትቀሪያለሽ፣ መንግሥት ከደሞዝሽ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን ይከፍላል። በዓመት ለአንድ ልጅ እስከ 120 ቀን ድረስ ነው። ጉንፋን በሚበዛበት በየካቲት ግማሹ ቢሮ ባዶ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ሁሉ ሕግ እያለ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዳንቺ ነው የተሰቃየሁት። ሕጉ ሰዓቴን ቀነሰልኝ እንጂ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ክምር አላነሳልኝም። ያንን ከአለቃዬ ጋር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። «የሥራ ሰዓቴን በሩብ ቀንሻለሁ፤ የትኛው ሩብ ሥራ ነው የሚነሳልኝ?» ብዬ ጠየቅኩት። አስቦበት አያውቅም ነበር። ክፋት አልነበረም። ሰዎች ሰዓት ሲቀነስ ሥራውም አብሮ የሚቀንስ ይመስላቸዋል።

ሰው ኃይል ላይ የምሠራ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:15

እኔ ከሌላው ወገን ሆኜ ላስረዳ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈቀደው በቃል ነው። ወይም ሰዓትና ደሞዝ ብቻ የተጻፈበት አንድ ደብዳቤ ይወጣል። የሥራ መደቡ ዝርዝር አይነካም። ፋይልሽ ውስጥ ያለው ዝርዝር የሙሉ ሰዓት ሠራተኛዋ ነው ማለት ነው። አንድ ሥራ ሲዘገይ የሚጠቀሰውም እሱ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ሊሻሻል ይችላል። ይህን ተጠቀሚበት። ሰዓቱ፣ ደሞዙ፣ የሚቀሩልሽ ሥራዎች፣ የሚነሱልሽ ሥራዎች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ መቼ እንደሚደወል፣ አምስቱም አንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ከሰዓትሽ ውጭ ለሠራሽው ክፍያ ለመጠየቅ ብታስቢ እንኳ መጀመሪያ ሰዓትሽ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መጻፍ አለበት።

ሌላም አለ። ጡረታ የሚቆረጠው ከደሞዝ ነው፤ ካንቺ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። ደሞዝሽ ሲያንስ እሱም ያንሳል። አንቺ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ። ግን ግማሽ ቀን ለስንት ጊዜ እንደሆነ ስትወስኚ እሱንም አስቢው። «እስከዚህ ወር ድረስ» የሚል ቀን ይኑረው። ቀን የሌለው ነገር እንደዘበት ዓመታት ይወስዳል።

ወደ ሙሉ ቀን የተመለስኩ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:40

እኔ በግልጽ እናገራለሁ፣ አትቀየሙኝ። በግማሽ ደሞዝ ሙሉ ሥራ እየሠራሽ ከሆነ ሙሉ ደሞዙን ተቀበይ። እኔ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ግማሽ ቀን ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ላፕቶፕ ከፍቼ የምሠራው ሲደመር ከድሮው አይተናነስም ነበር። ልዩነቱ ደሞዙ ብቻ ነው። ወደ ሙሉ ቀን ተመለስኩ፤ በጨመረው ብር ጥሩ ሞግዚት ቀጠርኩ። አሁን 11:30 ላይ ስወጣ ስልኬን እዘጋለሁ። ልጆቼ ድሮ ቀኑን ሙሉ ሐሳቧ የሌለ እናት ነበረቻቸው። አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ የእነሱ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተመለስሽው እህቴ፣ አልቀየምም። እውነትሽን ነው። እኔ ግን የማምነው ሞግዚት እስካሁን አላገኘሁም፣ ትንሿም ገና ጡት አልተወችም። ስለዚህ ቢያንስ ይህን ዓመት ግማሽ ቀን መቆየት እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ ሥራውን ምን ላድርገው ነው።

እኔም ሂሳብ ነኝ | ረቡዕ፣ ማታ 2:35

የሙያ ጓደኛዬ ነሽ፤ ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ ልናገር።

መጀመሪያ ደብተር ያዢ። ለሁለት ሳምንት የሠራሽውን ሁሉ ከነደቂቃው ጻፊ። ማታ ቤት የምትመልሻትን የቴሌግራም መልእክት ሳይቀር። «ሥራ በዛብኝ» ስትይው አለቃ የሚሰማው ሮሮ ነው። «በሳምንት በ20 ሰዓት ውል 31 ሰዓት እየሠራሁ ነው፣ ዝርዝሩ ይኸው» ስትይው ግን ቁጥር ነው የሚያየው። ከቁጥር ጋር ማን ይሟገታል?

ሁለተኛ፣ የሂሳብ ሥራ በየቀኑ እኩል አይደለም። የወሩ ሂሳብ መዝጊያ አካባቢ ይፈላል፣ መሃል ላይ ይቀዘቅዛል። አንቺ ግን በየቀኑ እኩል አራት ሰዓት ነው የቆረጥሽው። በአራት ሳምንት 80 ሰዓት አለሽ አይደል? ለምን የመዝጊያውን ሳምንት አራት ሙሉ ቀን አትገቢም? 32 ሰዓት ነው። ይቀርሻል 48። ለቀሩት ሦስት ሳምንታት 16፣ 16 ሰዓት ይደርሳል። አራት ግማሽ ቀን ብቻ ማለት ነው፤ አርብ አርብ ቤት ነሽ። ድምሩ ያው 80 ነው። ለመዝጊያው ሳምንት እናትሽን የሚያግዝ ሰው በወር አንድ ጊዜ መፈለግ፣ በየቀኑ ከመሰቃየት ይቀላል።

ሦስተኛ፣ የትኛው ቀነ ገደብ የሕግ፣ የትኛው የልማድ እንደሆነ ለዪ። የደሞዝ ግብርና ጡረታ ገቢ ለማድረግ ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን አለሽ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሪፖርት ይድረሰኝ የሚለው ግን የአለቃሽ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በንግግር ወደ አስረኛው ቀን ሊገፋ ይችላል። እኔ ጋ ተገፍቷል።

ፔቲ ካሹን ደግሞ ዛሬውኑ ስጪው። በቀን አስር ጊዜ «የታክሲ ሃምሳ ብር» እየተባልሽ ሪኮንሲሌሽን አይሠራም። ክፍያ አጽዳቂና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው መሆኑ ለቁጥጥርም ጥሩ አይደለም። ይህን ለአለቃሽ ስትነግሪው ለእሱም ጥቅም መሆኑን ያያል።

እማማ ከፒያሳ | ረቡዕ፣ ማታ 3:50

ልጄ፣ እኔ አራት አሳድጌያለሁ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ። በእኛ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። የወሊድ ፈቃድም እንደዛሬው 120 ቀን አልነበረም፤ አራስ ልጅ ትቶ መሄድ ነበር። ጎረቤት ነው ያሳደገልን።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ስልኩን ስታነሺ ትዝ ይበልሽ። ደግሞ ለእናትሽ ወንበር አለስልሽላት፣ ልጅቷን ከመሬት እያነሳች አትያዛት። የጉልበት ሕመም በዚህ ነው የሚብሰው። ልጅቷ አልጋ ላይ ትቀመጥላት።

ነርስ በሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ማታ 6:15

ከአሜሪካ ነኝ። እኛ ጋ ሌላ ጣጣ አለ። ከ30 ሰዓት በታች ከወረድሽ ብዙ ቦታ የሥራ ኢንሹራንሱ ይቀርብሻል። ስለዚህ «ትንሽ ልቀንስ» ስትዪ ከ40 ወደ 30 እንጂ ከዚያ በታች የምትወርጂው በባልሽ ኢንሹራንስ ከተሸፈንሽ ነው። እኔ ዊኬንድ ሁለት የ12 ሰዓት ሺፍት እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ አርብ ልጆቹ ጋ ነኝ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ እሱ ይይዛቸዋል። ለልጆቹ ጥሩ ነው። እኔና እሱ ግን የምንገናኘው በር ላይ ቁልፍ ስንቀባበል ነው።

ከነርስ ሥራ የምትወስጂው አንድ ነገር አለ፤ ርክክብ። ሺፍት ሲያልቅ የያዝኩትን በሙሉ ተናግሬ፣ ጽፌ አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይደውልልኝም፤ ምክንያቱም ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። አንቺም 6:15 ላይ ሥራ አቁሚ። የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለማስታወሻ አውያት። ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ የትኛው ፋይል የት አለ። ከሰዓት የሚደወልልሽ ግማሹ «የት አስቀመጥሽው?» ነው ብዬ እገምታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | ሐሙስ፣ ከሰዓት 8:05

ከግማሽም ይበልጣል! ዛሬ ቆጠርኩት። ከሰባት ስልክ አምስቱ «የት ነው ያለው?» ነው።

አባት ነኝ | ሐሙስ፣ ማታ 1:30

አባትም ግማሽ ቀን ይሠራል ለማለት ነው የገባሁት። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ፈረቃ ትሠራለች። ልጃችን ሲወለድ ከሥራ የተሰጠኝ ሦስት ቀን ነበር። የግል ድርጅት ላይ ሕጉ ለአባት የሚሰጠው እሱን ነው። ስናሰላው የእሷ ደሞዝ ይበልጣል። ስለዚህ እኔ ማስተማሩን ወደ ጠዋት ፈረቃ ብቻ አወረድኩ።

እዚህ ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ግማሽ ቀን ቤት ያለ ሰው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ነፃ ሰው» ነው። ለቅሶ ድንኳን ሲተከል የሚጠራው እኔ። የአክስቴን ልጅ ክሊኒክ የምወስድ እኔ። የመብራት ቆጣሪ ካርድ ለሰፈሩ የምሞላ እኔ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት፤ ለሰው ግን አልታየችም። መጨረሻ ላይ ለእናቴ እንዲህ አልኳት፤ «እማ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬ ልጅቷ ናት።» መጀመሪያ ተከፋች። አሁን ለሌላው የምትመልስልኝ እሷው ናት።

ደግሞ እህቴ፣ ባለቤትሽ ቅዳሜ ሲመጣ ቅዳሜና እሑድ አንቺ ነሽ የምታበስዪው? ካጠፋሁ ይቅርታ። ግን ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ለብቻሽ ያስፈልግሻል።

እናት በፍራንክፈርት | ሐሙስ፣ ማታ 5:45

ጀርመን ውስጥ የማየው ትልቁ ችግር መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። ግማሽ ቀን የገቡ እናቶች ልጃቸው አስር ዓመት ሞልቶት እዚያው አሉ። ሙሉ ቀን ልመለስ ሲሉ ቦታው የለም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 «ብሩከንታይልጻይት» የሚባል ሕግ የወጣው። ብሩከ ማለት ድልድይ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሰዓትሽን ትቀንሻለሽ፤ ጊዜው ሲያልቅ ወደ ድሮው ሰዓትሽ የመመለስ መብት አለሽ። ከ45 ሰው በላይ ያለው ድርጅት ላይ ነው የሚሠራው፤ ትንንሾቹን አይነካም።

የሰው ኃይሏ እህት «ቀን ይኑረው» ያለችው ለዚህ ነው። ሕግ ባይኖርም ደብዳቤው ላይ መመለሻ ቀን አስጽፊ።

ክፍል ኃላፊ | አርብ፣ ጠዋት 4:00

እኔ በእናንተ አነጋገር «አለቃው» ነኝ። ሥሬ አንዲት በግማሽ ቀን የምትሠራ እናት አለች። እውነቱን ልናገር፤ ሥራው እንደበዛባት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሁሉንም በሰዓቱ ታደርስ ነበር። ሌሊት እንደምትሠራ ያወቅኩት ኢሜይል የላከችበትን ሰዓት ድንገት አይቼ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት! በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ አለቃሽ ጋ ስትገቢ «አልቻልኩም» ብለሽ አትጀምሪ። ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጊና «በዚህ ሰዓት ከእነዚህ የትኞቹ ይቅደሙ?» በይው። መምረጥ የእሱ ሥራ ነው። አሁን እሱ ያልመረጠውን አንቺ በእንቅልፍሽ እየከፈልሽ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ማታ 3:30

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ደብተሩን ሁለት ሳምንት ያዝኩ። 31 ሰዓት ያልሽው የሙያ ጓደኛዬ፣ የእኔ 33 ወጣ። አለቃዬ ጋ ይዤው ገባሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገጹን ገልጦ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺ ማታ 4 ሰዓት ምንድን ናት?» አለኝ። «ለሽያጭ ክፍል ደረሰኝ ስፈልግ ነው» አልኩት። ደግሞ ዝም አለ።

ፔቲ ካሹና የአቅራቢዎች ክፍያ ዝግጅት ከእኔ ላይ ተነሳ። የመዝጊያው ሳምንት አራት ሙሉ ቀን፣ የቀረው አራት ግማሽ ቀን የሚለው ለሦስት ወር ሙከራ ተፈቀደ። ሪፖርቱን ወደ አስረኛው ቀን መግፋት ግን አልሆነም፤ እስከ ሰባተኛው ድረስ ብቻ አለኝ። ደብዳቤው ወጥቷል፤ የሥራ ዝርዝሩም መመለሻ ቀኑም አለበት። ለመዝጊያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ እናቴን ልታግዛት መጥታ ነበር። ለእናቴም ከፍ ያለ ወንበር ገዛን፤ እማማ ይመስገኑ።

ርክክቡ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ሠራ። 6:15 ላይ ማስታወሻዬን ቡድኑ ላይ እለጥፋለሁ። በዚህ ሳምንት ከሰዓት የተደወለልኝ ሁለት ጊዜ ነው። ቤት ስገባ ስልኩን ለትልቁ እሰጠዋለሁ። ነጠላ ውስጥ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ያስተኛዋል።

ለባለቤቴም ነገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዝም ብዬ ተኛሁ።

አሁን የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። ሰኔ 30 የመጋዘን ዕቃ ቆጠራ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ዓመቱን እንዘጋለን፣ ኦዲተሮች ይመጣሉ። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። አለቃዬን ስጠይቀው «ሲደርስ እናያለን» አለኝ።

እኔም ሂሳብ ነኝ | ሐሙስ፣ ማታ 4:12

እንኳን ደስ አለሽ! እልል ብያለሁ።

«ሲደርስ እናያለን» የሚለውን አትቀበይ። የትርፍ ግብር የሚታወጀው እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ሁሉም ነገር ሐምሌ ላይ የሚታጨቅበት ምክንያት የለም። ቆጠራውን ከግንቦት ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መደርደሪያ ቁጠሩ። ሰኔ 30 ላይ የሚቀራችሁ ብዙ የሚንቀሳቀሰው ዕቃና ማጣራቱ ብቻ ይሆናል። ኦዲተሮቹ የሚጠይቁትን ዝርዝር ከአምናው ፋይል አውጪና ከአሁኑ በየወሩ አንድ አንዱን አስቀምጪ። የዓመት ፈቃድሽንም አሁኑኑ ለነሐሴ አስመዝግቢ፤ ዘግይተሽ ብትጠይቂ ሁሉም ሰው ያንኑ ነው የሚፈልገው።

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ) | ሐሙስ፣ ማታ 4:25

ይህንማ አላሰብኩትም። ነገ አርብ ነው፣ ቤት ነኝ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ መጋዘን ነው የምወርደው። ስንት መደርደሪያ እንዳለ እንኳ ቆጥሬ አላውቅም።